ትንበያው አባቴን ካከሰረው በኋላ ስለ አየር ንብረት ለውጥ በምን አፌ ላስረዳው?

የደላንታው | ማክሰኞ ምሽት

ሰላም ለሁላችሁም። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

እኔ አዲስ አበባ ነው የምሠራው። ቤተሰቦቼ ደላንታ ናቸው፣ በልግ አምራች አገር። እኛ ዘንድ በልግ ማለት በየካቲት ተዘርቶ ሰኔ ላይ የሚታጨድ ገብስ ነው። ብዙ ቤት የዓመት ቀለቡን የሚጠብቀው ከእሱ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ጥር መጨረሻ ላይ ቀበሌ ስብሰባ ተጠራ። «ዘንድሮ በልጉ ጥሩ ነው ተብሏል፣ መሬታችሁ ጦም እንዳያድር» ተባለ። አባቴ ዘር ተበድሮ ሦስት ጥማድ ዘራ። የካቲት አጋማሽ ላይ አንድ ሳምንት ዘነበ፤ ገብሱ ብቅ አለ፣ ሁሉም ደስ አለው። ከዚያ በኋላ መጋቢትን ሙሉ ጠብ ሳይል ቀረ። ለፋሲካ ስሄድ አባቴ ማሳው ዳር ወሰደኝና አንዷን ቡቃያ ነቅሎ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። ጫፏ ቢጫ ሆኖ ተጠቅልሏል፤ ሥሯ ላይ የነበረው አፈር በጣቴ ስነካው እንደ ዱቄት ቦነነ።

«ይኸው ትንበያችሁ» አለኝ። እኔንም ጨምሮ ነው፤ የተማርኩ ስለሆንኩ ከእነሱ ወገን ቆጥሮኛል።

ባለፈው ሳምንት በስልክ ስናወራ የአየር ንብረት ለውጥን አነሳሁበት። «የሁለት ወሩን ያላወቀ ሰው የዛሬ 50 ዓመቱን ያውቃል ነው የምትለኝ?» አለኝ። መልስ አጣሁ። እሱ እኮ 40 ዓመት አርሷል። በልጉ እንደ ድሮው እንዳልሆነ፣ ዝናቡ ዘግይቶ ገብቶ ቶሎ እንደሚወጣ የነገረኝ ራሱ ነው። ለውጡን ያምናል፤ ያላመነው ለውጡን የሚነግሩትን ሰዎች ነው። እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉት ነበር?

የሸገር_ልጅ | ማክሰኞ ምሽት

አባትህ ልክ ናቸው፣ አትጨቅጭቃቸው። ነጮቹ 200 ዓመት ሙሉ ድንጋይ ከሰል አንድደው ከበለጸጉ በኋላ፣ እኛ ገና ፋብሪካ ልናቆም ስንነሳ «ዓለም ሞቀች» ይሉናል። ደግሞስ አየር ንብረት ድሮም ሲለዋወጥ የኖረ ነው። ሰሜንና ባሌ ተራሮች ላይ በጥንት ዘመን የበረዶ ግግር ነበረ ይባላል። ያንን ያቀለጠው የማን መኪና ነው?

ማሂ_ለ | ማክሰኞ ምሽት

እኔ የማውቀው ኦዞን ስለተቀደደ ፀሐይ በቀጥታ እየገባች ነው ዓለም የሞቀችው ተብሎ ነው። አይደለም እንዴ?

ዝናብ_ለኪው | ረቡዕ ጠዋት

ልጄ የደላንታው፣ በቅድሚያ አባትህን ይቅርታ ጠይቅልኝ። እኔም ትንበያው እናንተ ዘንድ ከሚደርስበት ሰንሰለት ውስጥ ነበርኩ። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ እንጂ 31 ዓመት ዝናብ ለክቻለሁ።

ሥራው እንዲህ ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ መለኪያው ውስጥ ያደረውን ውሃ መስፈሪያው ብርጭቆ ላይ ትገለብጣለህ፣ በዓይንህ ትክክል ዝቅ ብለህ ታነባለህ፣ መዝገብ ላይ ታሰፍራለህ። አንድ ሚሊ ሜትር ማለት በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሊትር ውሃ ማለት ነው። ካልዘነበም ዜሮ ብለህ ትጽፋለህ። ዜሮ ካልተጻፈ ያ ቀን ደረቅ ይሁን ወይም ለኪው ታሞ ይሁን የሚያውቅ የለም፤ ቀኑ ከመዝገብ ጠፋ ማለት ነው። በደርግ ጊዜ በጦርነቱ ምክንያት ሰሜን ላይ የተቋረጠው መዝገብ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። በኋላ ዶ/ር ቱፋ ድንቁና ባልደረቦቻቸው ሳተላይት ያየውን እኛ መሬት ላይ ከለካነው ጋር አዋህደው ብዙውን ክፍተት የሚሞላ መረጃ ሠርተዋል። ኢናክትስ ይባላል፤ ከሌላው አገር በፊት የተጀመረው እኛው ዘንድ ነው።

ወደ ትንበያው ልምጣ። የወቅት ትንበያ «ይዘንባል» ብሎ ቃል አይገባም። ያለፉትን 30 በልጎች ከደረቁ እስከ እርጥቡ ደርድረህ ለሦስት ብትከፍላቸው 10 ደረቅ፣ 10 መካከለኛ፣ 10 እርጥብ ታገኛለህ። ምንም ሳታውቅ ብትገምት የእያንዳንዱ ዕድል ሲሶ ሲሶ ነው። ባለሙያው የሚለው «ዘንድሮ ሚዛኑ ወደዚህ ያጋድላል» ነው። ለምሳሌ ከመቶ 40 ከመደበኛ በላይ፣ 35 መደበኛ፣ 25 ከመደበኛ በታች ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ናይሮቢ አጠገብ ያለው ኢክፓክ የሚባለው የአየር ንብረት ማዕከል የምሥራቅ አፍሪካ ባለሙያዎችን በዓመት ሦስት ጊዜ ሰብስቦ የሚያወጣው ሰነድም በዚሁ መልክ ነው የሚጻፈው። ይህ ወደ ክልል ይወርዳል፣ ከዚያ ዞን፣ ከዚያ ወረዳ። በየደረጃው የሚያወራው ሰው ነገሩን ለማቅለል አንድ ቁጥር ይጥላል። ቀበሌ ሲደርስ የቀረው «ጥሩ ነው ተብሏል» ብቻ ነው። በምሳሌዬ ላይ ያለው 25 እኮ ከአራት አንድ ማለት ነው! በዚህ መንገድ ከሚነዱ አራት በሬዎች አንዱ ገደል ይገባል ቢባሉ አባትህ አራቱንም ይነዱ ነበር?

በዚያ ላይ በልግ ከክረምት ይልቅ ለመተንበይ ያስቸግራል። ክረምቱን ፓስፊክ ውቅያኖስ ሲሞቅ የሚነሳው ኤል ኒኞ ቀደም ብሎ ይጠቁመናል። በ2007 የክረምቱ ዝናብ ወድቆ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የምግብ እርዳታ ፈላጊ የሆነው በእሱ ጊዜ ነው። በልግ እንዲህ ያለ ጉልህ ምልክት ብዙ ጊዜ የለውም። ስለ በልግ ስንናገር ድምፃችንን ዝቅ ማድረግ ነበረብን፤ አላደረግንም።

የ50 ዓመቱን ደግሞ እንዲህ ብለህ ጠይቅልኝ። የፊታችን ሐምሌ 14 ቀን ደላንታ ላይ ይዘንባል አይዘንብም? አያውቁም፤ እኔም አላውቅም። ሐምሌ ከጥር የበለጠ እንደሚዘንብስ? በሬያቸውን ያስይዛሉ። ሐምሌን ሐምሌ የሚያደርገው የፀሐይዋ ቦታና የንፋሱ አመጣጥ የታወቀ ስለሆነ ነው። የዘመንን ሙቀት መናገርም ከዚህኛው ወገን ነው።

የደላንታው | ረቡዕ ጠዋት

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይህን እስካሁን ማንም እንዲህ አድርጎ ነግሮኝ አያውቅም።

ፊዚክስ_መምህር | ረቡዕ ከሰዓት

ማሂ፣ ጥያቄሽን ብዙ ተማሪዎቼ ይጠይቁኛል። ኦዞንና ሙቀቱ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። ኦዞን ቆዳና ዓይን የሚጎዳውን ጨረር የሚያጣራ ንጣፍ ነው። ይሳሳ የነበረው በዋናነት ከማቀዝቀዣና ከሚነፋ ጣሳ በሚወጡ ጋዞች ነው፤ ዓለም በ1987 እ.ኤ.አ. በሞንትሪያል ተስማምቶ እነሱን ስላስቀረ ዛሬ ቀስ በቀስ እያገገመ ነው። ሙቀቱን የሚያመጣው ግን ሌላ ነገር ነው፦ በቀን የገባው ሙቀት ወደ ሕዋ ሲመለስ ካርቦን ዳይኦክሳይድና መሰሎቹ ይዘው ያስቀሩታል። ደመና ያለበት ሌሊት ከጠራው ሌሊት ይልቅ ለምን ይሞቃል? ኅዳር ላይ ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት ነው ውርጭ ባቄላውን የሚመታው። ከላይ ልብስ ያለውና የሌለው መሬት ልዩነት ነው።

የሸገር ልጅ፣ ላንተ ሁለት ነገር አለኝ።

አንደኛ፣ በረዶው እውነት ነው። ባሌ ያለው የሳነቴ አምባ በበረዶ ግግር ተሸፍኖ ነበር። ያን የመሰለውን ለውጥ የሚያመጣው ምድር በፀሐይ ዙሪያ የምትሄድበት መንገድና ዘንበል አላት የምንለው ነገር በአሥር ሺዎች ዓመታት ቀስ እያለ ሲቀየር ነው። አሁን ያለው ግን በ150 ዓመት ውስጥ የመጣ ከ1 ዲግሪ በላይ ጭማሪ ነው። ፀሐይ ናት እንዳትለኝ፣ ፀሐይ ብትሆን ኖሮ የላይኛው የአየር ንጣፍም አብሮ ይሞቅ ነበር። የተለካው ተቃራኒው ነው፤ ታችኛው ሲሞቅ ላይኛው ቀዝቅዟል። ሙቀቱን ከታች የሚይዝ ነገር ሲጨመር የሚጠበቀው ይኸው ነው። ጭማሪው ከየት መጣ ላልከኝ፣ ከድንጋይ ከሰልና ከነዳጅ የሚወጣ ካርቦን የራሱ ምልክት አለው፤ ከባዱ የካርቦን ዓይነት ያንስበታል። አየሩ ውስጥ ያለው ካርቦንም በዚያው ልክ እየቀለለ ሄዷል። ሃዋይ ተራራ ላይ መለካት በተጀመረበት በ1958 እ.ኤ.አ. ከአንድ ሚሊዮን የአየር ቅንጣት 315 ገደማ የነበረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ዛሬ 420 አልፏል። ደግሞም አዲስ ወሬ አይደለም። አርሄኒየስ የሚባል ስዊድናዊ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲጨምር ምድር ስንት ዲግሪ እንደምትሞቅ በእርሳስና በወረቀት ያሰላው በ1896 እ.ኤ.አ. ነው። የዓድዋ ዓመት መሆኑ ነው። ያኔ ምን አጀንዳ ነበረ?

ሁለተኛ፣ ያናደደህ ነገር እኔንም ያናድደኛል። አንድ አሜሪካዊ በዓመት በአማካይ 14 ቶን ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል፤ የእኛ ሰው ሩብ ቶን እንኳ አይሞላም። ይህ ግን ሳይንሱን ለመካድ አያበቃም፤ ዕዳውን ለመጠየቅ ነው የሚያበቃው። አቶ መለስ በ2009 እ.ኤ.አ. ኮፐንሃገን ላይ አፍሪካን ወክለው የተደራደሩት «አልሞቀም» ብለው ሳይሆን «እናንተ አሞቃችሁት፣ እኛ እየከፈልን ነው» ብለው ነው። ሙቀቱ የለም ካልን የምንጠይቀው ካሳ ከየት ይመጣል?

ሀያት_ዱባይ | ረቡዕ ምሽት

እኔ ስለ ሌላ ወሬ ልንገራችሁ። ሚያዝያ 8 ቀን 2016 እዚህ ዱባይ የሆነውን ሰምታችኋል። የምሠራበት ቤት ምድር ቤቱ ውሃ ሞላ፤ እኔና ሌላዋ ልጅ ምንጣፍና ፍራሽ ተሸክመን ደረጃ ስንወጣ ስንወርድ ነጋ። ዓል ዓይን አካባቢ ከ24 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ከ250 ሚሊ ሜትር በላይ ዘንቧል፤ እዚህ አገር መለካት ከተጀመረ በ75 ዓመት ታይቶ አይታወቅም። ሌሊቱን ስልካችን ላይ የሚመጣው ድምፅ ሁሉ «አውሮፕላን ነው ያዘነበው፣ ከቁጥጥር ወጣባቸው» ነበር። እኔም አምኜ ለስንት ሰው ላክሁት። ወሬው እግር ነበረው፤ ይህ አገር ደመና ላይ ጨው የሚረጭ አውሮፕላን እንዳለው ሁሉም ያውቃል።

በኋላ ሳስበው፣ ያ ማዕበል እኮ መጀመሪያ ኦማን ነው የገባው፤ እዚያ ሕፃናት ተማሪዎች ሳይቀሩ በጎርፍ ሞተዋል። ባሕሬንም ዘንቧል። ከቀናት በፊት ደግሞ ተተንብዮ ነበር። የደመና ማበልጸጉ ያለውን ደመና ትንሽ ጨምቆ ያወርድ እንደሆነ ነው እንጂ የሌለ ማዕበል አይፈጥርም። አየር በሞቀ ቁጥር ብዙ ተን ስለሚሸከም፣ ሲያወርደው እንደዚያ ያወርደዋል አሉ።

ጎጃም ያለችው እህቴ ደግሞ በ2013 መንግሥት ሰው ሠራሽ ዝናብ መሞከሩን ካስታወቀ ወዲህ፣ በረዶ ማሳዋን በመታት ቁጥር «ያ ነገር ነው» ትላለች። በምን ልመልሳት እያልኩ ነበር። የጋሼን የመለኪያ ነገር እነግራታለሁ።

ወለተ_ማርያም | ረቡዕ ምሽት

ሁሉንም ነገር ቁጥር አደረጋችሁት። ዝናብ የእግዚአብሔር ነው። በእኛ አገር ዝናብ ሲጠፋ ክርስቲያኑ ምሕላ ይይዛል፣ ሙስሊሙ ዱዓ ያደርጋል። የተማረው ሰው ሲመጣ ግን ይህን እያየ ከንፈሩን ይመጥብናል። የሚንቅህን ሰው ትሰማዋለህ?

ዝናብ_ለኪው | ሐሙስ ጠዋት

እህቴ ወለተ ማርያም፣ ያልሽው ልቤን ነካኝ፤ እውነትም ነው። እኔ ዲያቆን ነበርኩ። ጠዋት ኪዳን አድርሼ 3 ሰዓት ላይ መለኪያዬ ጋ እደርስ ነበር። ምሕላ በተያዘበት ሳምንትም ለክቻለሁ። አንዱ ሌላውን ከልክሎኝ አያውቅም። ዝናቡን የሚሰጠው ማን እንደሆነ እኔና አንቺ እንስማማለን፤ መዝገቡ የሚናገረው ስንት እንደወረደ ነው። ሰው ስለ ጸለየ የናቀው ባለሙያ ካለ ግን ጥፋቱ የእሱ ነው።

አረንጓዴ_አሻራ | ሐሙስ ጠዋት

ወገን፣ ነገሩን አታወሳስቡት። ዛፍ ጨረስን፣ ዝናብ ራቀን። አገራችን ከመቶ ዓመት በፊት 40 በመቶ ደን ነበረች፣ ወደ 3 በመቶ ወረደች። ችግኝ እንትከል፣ ዝናቡ ይመለሳል።

ታሪክ_አንባቢ | ሐሙስ ከሰዓት

ችግኙን ትከል፣ እኔም እተክላለሁ። ግን ያቺን የ40 በመቶ ቁጥር እባክህ ተዋት። ጄምስ ማካን የሚባለው የታሪክ ተመራማሪ ቁጥሯ ከየት መጣች ብሎ ወደኋላ ቢከተላት፣ በዚያ ዘመን ማንም ሰው አገሪቱን ዞሮ ደን የለካበት ጥናት አላገኘም። አንዱ ሪፖርት ከሌላው እየቀዳ ነው እዚህ የደረሰችው። ትግራይ ውስጥ ደግሞ በ1868 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ጦር መቅደላ ሲዘምት የተነሡትን ፎቶግራፎች ይዘው ተመራማሪዎች እዚያው ቦታ ቆመው እንደገና አንሥተዋል። በብዙዎቹ ቦታዎች የዛሬው ተራራ ከያኔው የበለጠ ዛፍና ቁጥቋጦ አለው። ደን አልተጨፈጨፈም እያልኩ አይደለም፤ ደቡብ ምዕራቡን ማየት ይበቃል። ነገር ግን «ገበሬው ነው ያጠፋው» የሚለው ታሪክ በተሳሳተ ቁጥር ላይ ተሠርቶ ለአሥርት ዓመታት ገበሬውን ሲወቅስ ኖሯል። የደላንታው አባት ለምን አላመኑንም ስንል ይህም ይታሰብ።

ዛፍ አፈር ይይዛል፣ ምንጭ ያጎለብታል፣ ጥላ ይሰጣል። የቀበሌ ችግኝ ግን የሕንድ ውቅያኖስን ሙቀት አይቀይርም፤ የበልጉ እርጥበት በአብዛኛው የሚመጣው ከዚያ ነው።

የሐረማያው | ሐሙስ ከሰዓት

ከዚህ ጋር የሚሄድ ነገር ልጨምር። የሐረማያ ሐይቅ ሲደርቅ ልጅ ሆኜ አይቻለሁ። ጀልባ የነበረበት ቦታ ላይ ከብት ቆሞ ነበር። «የአየር ንብረት ለውጥ ነው» ተባለ። ሐይቁ ግን በሞተር እየተሳበ ጫት ሲጠጣበት፣ የሐረር ከተማም ከእሱ ስትቀዳ፣ ከኮረብታው አፈር ሲገባበት ነው የኖረው። ሰው ያጠፋውን ሁሉ ለአየር ንብረት ስንሰጠው፣ እውነተኛው የአየር ንብረት ጉዳይ ሲመጣ ማን ያምናል? እኔ እንደሚመስለኝ ከሚክዱት ሰዎች ይልቅ የጎዳን ይኼ ነው።

ጤና_ጣቢያ | ሐሙስ ምሽት

አጭር ነገር። ደብረ ዘይት አካባቢና ኮሎምቢያ ያለውን የወባ መዝገብ ያጠኑ ሰዎች በ2014 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት አለ፦ ሞቅ ባለ ዓመት ወባ ወደ ከፍታው ትወጣለች፣ ቀዝቀዝ ባለ ዓመት ትወርዳለች። እናቶቻችን «ይህ ደጋ ነው፣ ወባ አያውቀውም» ሲሉ ሁሌም አይሠራም። ትኩሳት ካለ ተመርመሩ።

የሸገር_ልጅ | ሐሙስ ምሽት

የመምህሩን መልስ ሁለቴ አነበብኩት። የካሳውን ነገር እቀበላለሁ። ግን «ኪሊማንጃሮ ላይ ያለው በረዶ እስከ 2020 ያልቃል» ተብሎ አልነበረም? ዛሬም አለ። ሳይንቲስቶቹ ኢሜይላቸው ተሰርቆ ሲወጣ ቁጥር ያስተካክሉ እንደነበርስ አልተጋለጠም?

ፊዚክስ_መምህር | ዓርብ ጠዋት

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ሳልደብቅ ልመልስ። የኪሊማንጃሮው ግምት ስቷል። በረዶው ከ1912 እ.ኤ.አ. ወዲህ አብዛኛው ጠፍቷል፣ ግን በተባለው ዓመት አላለቀም። ከዚህ የባሰም አለ፤ የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ፓነል ሪፖርት የሂማላያ በረዶ በ2035 እንደሚያልቅ ጽፎ፣ ስህተት መሆኑን በ2010 እ.ኤ.አ. በይፋ አምኗል። ስህተቱን ያጋለጡት የበረዶ ተመራማሪዎች ራሳቸው ናቸው። የኢሜይሉን ጉዳይ ከ2009 እ.ኤ.አ. በኋላ የተለያዩ አጣሪዎች መርምረውታል። መረጃ ለሚጠይቃቸው ሰው በግልጽ አለመስጠታቸው ተተችቷል፤ የተፈበረከ ቁጥር ግን አልተገኘም። የሙቀቱን ቁጥርም በሌላ ቦታ ያሉ ሰዎች ከባዶ ተነሥተው ሠርተውት ያው ሆኗል። ደግሞ አንዱን ልጨምርልህ፣ ኤክሶን የሚባለው የነዳጅ ኩባንያ የቀጠራቸው ሳይንቲስቶች ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምረው ያሰሉት የሙቀት ጭማሪ ከተከሰተው ጋር በጣም የተቀራረበ ነው። ነዳጅ ሻጩ ይህን አውቆ ነው ሕዝቡን ሲያጠራጥር የኖረው።

የደላንታው፣ ላንተም አንድ ነገር። የቡቃያው ሥር አፈር ዱቄት ሆነ ያልከው ከአእምሮዬ አልወጣም። ከ2020 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ቦረናን፣ ሶማሌንና ሰሜን ኬንያን አምስት ወቅት በተከታታይ የመታውን ድርቅ ያጠኑት ሰዎች ያገኙት ይህንኑ ነው። የዝናቡ ማነስ ብቻ አልነበረም፤ አየሩ በመሞቁ ከመሬቱና ከሣሩ ላይ ውሃውን ይጠጣዋል። ያ ድርቅ ያለ ሰው ሠራሹ ሙቀት የመከሰት ዕድሉ 100 እጥፍ ያህል ያንስ ነበር ብለዋል። አንድ ዓይነት ዝናብ በድሮው ሙቀትና በዛሬው ሙቀት አንድ አይደለም።

የደላንታው | እሑድ ማታ

ትናንት አባቴ ጋ ደወልኩ፤ አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ አወራን፣ እንዲህ አውርተን አናውቅም።

በጋሼ ምሳሌ ጀመርኩ፣ በሐምሌና በጥር። ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ «ያለፉትን በልጎች እንቁጠር» አልኩት። እናቴን ጠራና ባቄላ አስመጣ። ዓመቱን በቁጥር አያስታውሰውም፤ «እህትህ የተዳረች ጊዜ»፣ «ቦሩ የሚባለው በሬ የሞተበት»፣ «ቆርቆሮ የገዛን ዓመት» እያለ ነው። ለጥሩው ዓመት ባቄላ በቀኝ፣ ለመጥፎው በግራ። እናቴ ሁለቴ ስታርመው ይሰማኛል። 24 ዓመት ቆጠሩ። ከመጀመሪያዎቹ 12 ውስጥ አራት በግራ ወጡ፣ ከኋለኞቹ 12 ውስጥ ደግሞ ስምንት። ይህ የአንድ ቤት ትዝታ ነው፣ ሳይንስ ነው አልልም። ግን ባቄላውን አይቶ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ።

ቀጥሎ የትንበያውን አሠራር፣ 40፣ 35፣ 25 የሚለውን ነገርኩት። «ይህ እንግዲህ የጋሼ ምሳሌ ነው እንጂ የዚያን ዓመት ቁጥር አላየሁትም» አልኩት። ሲያስብ ቆየና «ከአራት አንድ ይወድቃል ብለው ቢነግሩኝ እኮ ሁለቱን ጥማድ ዘርቼ አንዱን ለክረምት ምስር አቆየው ነበር። ዘር አልበደርም ነበር» አለኝ። ድምፁ ውስጥ ንዴት አልነበረም። ያ ነው ያሳዘነኝ።

ሊዘጋው ሲል «ሰውየውን አንድ ነገር ጠይቅልኝ» አለ። ጋሼ፣ እርስዎን ነው። እኛ ቀበሌ የዝናብ መለኪያ የለም። እሱ በራሱ ዕቃ ቢለካ፣ ይሆናል ወይ? እንዴትስ ያድርግ?

ዝናብ_ለኪው | እሑድ ማታ

ይሆናል እንጂ! አፉም ታቹም እኩል የሆነ፣ ጎኑ ቀጥ ያለ ጣሳ ይፈልጉ፤ ወደ ታች የሚጠብ ከሆነ ልኩ ይሳሳታል። ከቤትና ከዛፍ ይራቅ፣ ቢያንስ የዛፉን ቁመት ሁለት እጥፍ ያህል። ነፋስ እንዳይጥለው እንጨት ላይ ይታሰር፣ አፉ ደልደል ብሎ ይቁም። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የትምህርት ቤት ማስመሪያ አስገብተው ውሃው ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ ያንብቡ፣ ይድፉት፣ መልሰው ያቁሙት። ደብተሩን በየወሩ ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ፤ አቅራቢያው ካለው ጣቢያ ጋር እኔ አስተያየዋለሁ። ባልዘነበበት ቀን ዜሮ መጻፍ እንዳይረሱ አደራ በልልኝ።